የቀኝ እግር ልክ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ስሙ ወልደሰንበት ነው። ልጄ፣ የጠየቅሽኝን በእሱ ታሪክ ነው የምመልስልሽ፤ ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

«ሦስት ልጆች ወለድኩ» አልሽኝ። «ሦስቱንም በአንድ ዓይን አየሁ። ለአንዱ የገዛሁትን ለሌሎቹም ገዛሁ። አንዱን የቀጣሁበትን ጥፋት ሌላው ሲያጠፋም ቀጣሁ። መካከለኛዋ ልጄ ግን ‹በድለሽኛል› ብላኝ ወጣች፤ ይኸው ደጄን ከረገጠች ዓመት አለፋት። እኩል ከሰጠሁ በደሌ የቱ ላይ ነው?» አልሽኝ። ትናንት ዝም ያልኩሽ ጥያቄሽን ንቄው አይደለም። የምር ጥያቄ ስለሆነብኝ አሳደርኩት። አሁን ስሚኝ።

ይህ ወልደሰንበት በአንዲት የገበያ ከተማ፣ አንድ የሚስማርና የቆርቆሮ መደብር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ስሙን ያስጠራው አንድ ነገር ነው፤ እኩልነት። እሱ ያሳጠረው ሱሪ ሁለት እግሩ ተደርቦ ሲታይ በመካከሉ የፀጉር ያህል ልዩነት አይገኝበትም። ሌላው ሰፊ ግራና ቀኙን ለየብቻ ይለካል፣ ለየብቻ ይቆርጣል፤ አንዱ ሲረዝምበት ያንን ይከረክማል፣ ከዚያ ያኛው ይረዝምበታል፤ እንዲህ ሲል ሲል ሱሪው ጉልበት ጋ ይደርሳል። ወልደሰንበት የሚለካው ቀኙን ብቻ ነበር። ግራውን በቀኙ ላይ ያነጥፍና በአንድ መቀስ ሁለቱንም ይቆርጣል። ደንበኛ «ግራውስ?» ካለው መልሱ አንድ ነው።

«ግራው የቀኙ ወንድም ነው።»

ይህን ያለው ሥራ ለማቅለል ብቻ አልነበረም። ሰውየው በልጅነቱ አድልዎ ቀምሷል። አባቱ ታላቅ ወንድሙን አብልጦ ይወድ ነበር። መሬቱንም፣ በሬዎቹንም ለታላቁ ሰጠና ታናሹን «አንተ እጅህ ቀልጣፋ ነው፤ ሠርተህ ብላ» ብሎ አሰናበተው። ወልደሰንበት ከዚያ ቤት ሲወጣ «እኔ በእጄ በሚያልፈው ነገር ሁሉ አላዳላም» ብሎ ማለ። መሐላውንም ጠበቀ። የወረዳው ሹም መጣ፣ ተሸካሚ መጣ፣ ወረፋ ወረፋ ነው። የሀብታሙንም ሱሪ የድኻውንም ሱሪ በዚያው መቀስ፣ በዚያው ጥንቃቄ ይቆርጠዋል። ሰው ይህን አይቶለት ያከብረው ነበር፤ እሱም በዚህ ይኮራ ነበር። እውነቱን ለመናገር ኩራቱ ከንቱ አልነበረም።

በኋላ ጂንስ ሱሪ በየቤቱ ገባ። ጂንስ እንደ ሌላው ጨርቅ አይደለም። ወፍራም ነው፤ ስፌቱ የተደራረበበት ላይ መርፌ ይሰብራል። አንዴ የታጠፈበት መስመር ይነጣል፤ ብትፈቺውም ነጩ መስመር አይጠፋም። ስለዚህ ጂንስ የሚያሳጥር ሰው አስቀድሞ መምረጥ አለበት። አንዱ መንገድ ትርፉን ቆርጦ ጥሎ አዲስ ጠርዝ ማጠፍ ነው። ይህ ያምራል፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ሌላው መንገድ ምንም ሳይቆርጡ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፎ መስፋት ነው። ይሄኛው ቁርጭምጭሚት ላይ ይወፍራል፤ ነገር ግን ልክ ሳይሆን ቢቀር ተፈትቶ ይለቀቃል። ከፋብሪካ የመጣውን ጠርዝ እንዳለ ጠብቀው ከሱ በላይ ያለውን የሚቀንሱም አሉ፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ሥራ ነው። ወልደሰንበት ሁልጊዜ የሚመርጠው መቁረጡን ነበር። «የማይለበስ ጨርቅ ይዞ መዞር ምንድነው? የእርግጠኛ ሰው ሥራ ቆርጦ መጣል ነው» ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳስቶ ስለማያውቅ የሚቃወመው አልነበረም።

በዚያው ከተማ ሽብሩ የሚባል የወፍጮ ቤት ዘበኛ ነበረ። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ላይ እህል ሲጭን ጆንያ ተንዶበት ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረው፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ግን አጥሮ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ቀኙ ከግራው በአራት ጣት ያንሳል። ሲራመድ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ቀና፣ ዘንበል፣ ቀና ይላል። ክረምት ከበጋ የጎማ ቦት ያደርጋል፤ ሱሪውንም ቦቱ ውስጥ ይከተዋል። የሱሪው ጠርዝ የት እንዳለ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽብሩ የፈለገውም ይህንኑ ነው።

ሽብሩ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ለብቻው ያሳደጋት ብርቄ የምትባል ልጅ ነበረችው። ብርቄ እዚያው ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብታ ተማረች። ልትመረቅ ጥቂት ቀን ሲቀራት ጂንስ ሱሪና ጥቁር ጫማ አመጣችለት።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ይህን ለብሰህ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለህ» አለችው። «ስሜ ሲጠራ ካንተ በፊት ማንም አበባ እንዳይሰጠኝ። መጀመሪያ አንተ ነህ።»

ሱሪው ረዘመበት። ሐሙስ ዕለት ሱሪውን በፌስታል ይዞ ወልደሰንበት በረንዳ መጣ። ወረፋውን ጠብቆ፣ ተራው ሲደርስ ቀረብ አለ።

«ጋሼ፣ ልጄ ያመጣችልኝ ነው። ቅዳሜ ትመረቃለች።»

«እንኳን ደስ ያለህ! ለምርቃት ነዋ። እንዲህ ያለ ሱሪ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት።»

«ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ ቢታጠፍስ?»

«ለምን?»

ሽብሩ ከኋላው የቆሙትን ሦስት አራት ሰዎች በዓይኑ ጎን አየ። «እንዲያው… ትርፉ እንዳለ ይቀመጥ ብዬ ነው።»

«ጂንስ ሲታጠፍ ይወፍራል። በደስታ ቀን የሚለበስ ሱሪ እንደ ጆንያ አፍ አይታጠፍም። ቀኝህን አቅርብ።»

ሽብሩ ቀኙን አቀረበ። ወልደሰንበት ሜትሩን ከወገቡ እስከ ተረከዙ ለቀቀ፤ ልኩን አየ።

«ግራውንስ አይለኩትም?» አለ ሽብሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ግራው የቀኙ ወንድም ነው።»

ከኋላ የቆሙት ሳቅ አሉ፤ በክፋት አልነበረም፣ አባባሉን ስለሚወዱት ነው። ሽብሩም አብሯቸው ፈገግ አለ።

ልጄ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ወልደሰንበት ሽብሩ ማነከሱን አይቷል። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን እሱ አላውቅም ሊል አይችልም። ነገር ግን የሰው ጉድለት ላይ ዓይን መትከል ነውር ነው ብሎ አደገ። «ይህን ሰው ከሌላው ለይቼ ግራ ቀኝ እያልኩ ብለካው በሰው ፊት ማሳፈር ይሆንብኛል፤ እንደማንኛውም ሰው ላድርግለት» ብሎ አሰበ። ክብር የሰጠው መሰለው። በክፋት ቢያደርገው ኖሮ ታሪኩን አልነግርሽም ነበር።

መቀሱ ገባ። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም እግር ቆረጠ። ጠርዙን ድርብ አጠፈ፣ በወፍራም ክር ሰፋ፣ በከሰል ካውያ ተኮሰ። ከዚያ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሁለቱን እግር ደረባቸው።

«እይ እንግዲህ። ፀጉር አይገባበትም።»

ሽብሩ አየ። እውነትም አይገባበትም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለና ሱሪውን አጣጥፎ ፌስታሉ ውስጥ ከተተ።

ቅዳሜ ደረሰ። ወልደሰንበት የጎረቤቱ ልጅ ትመረቅ ስለነበር ተጠርቶ ሄደ። አዳራሹ ሞልቷል። እሱ መካከል ላይ መቀመጫ አገኘ። ፊት ለፊት፣ ከመጀመሪያው ወንበር ላይ የሽብሩን ጀርባ አየ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የተበጠረ ፀጉር፣ ጭኑ ላይ የአበባ እቅፍ። «አምሮበታል» አለ በልቡ።

የብርቄ ስም ተጠራ። ከተመራቂዎቹ መካከል ጥቁር ጋዋን ለብሳ ወጣችና ወረቀቷን ተቀብላ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመች። ዓይኗ ፊት ወንበር ላይ ነበር። ሽብሩ ተነሣ።

ሲነሣ ሱሪው ታየ። ቀኙ እግር ላይ ልክ እንደሚገባው ጫማው ላይ አርፏል። ግራው ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ተሰቅሏል። ካልሲው አልቆ ባዶ እግሩ ይታያል። ሽብሩ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ዘንበል፣ ቀና። ከጎን ከተቀመጡት አንዱ «አንዱን እግር ለክረምት አንዱን ለበጋ ነው እንዴ ያሰፋው?» አለ። አጠገቡ ያሉት አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሽብሩ ሰማ። ከዚያ ያደረገውን ወልደሰንበት እስኪሞት አልረሳውም። አበባውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ የግራውን ሱሪ ጭኑ ላይ ጨብጦ ወደ ታች እየጎተተ መሄድ ጀመረ። ወገቡ ጎበጠ። በገዛ ልጁ ምርቃት ሱሪውን ወደ መሬት እየጎተተ የሚሄድ አባት ሆነ።

መድረኩ ጋ ሳይደርስ ቆመ። አበባውን ከፊት ለቆመች አንዲት ሴት ሰጠና በእጁ ወደ ብርቄ አመለከታት። እሱ በጎን በር ወጣ።

ብርቄ አበባውን ከማታውቃት ሴት ተቀበለች። ፎቶ አንሺው «እዚህ እይ፣ እዚህ» ይላታል፤ እሷ ግን በሩን ነበር የምታየው።

ወልደሰንበት ከኋላው ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማ። «ማነው እንዲህ የሰፋለት?» አለ አንዱ። «እኔ እንጃ፤ የወልደሰንበት እጅ ግን አይደለም» አለ ሌላው። ዘወር ብሎ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረበት። አላለም። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

እሑድን ሙሉ ከራሱ ጋር ተሟገተ። «እኔ ምን አጠፋሁ? እኩል አድርጌ ሰፋሁ። እግሩ እኩል ባይሆን እኔ ልቀጥልለት ነው? ለሌላው ያደረግኩትን አደረግኩለት። አላዳላሁም።» ይህን ደጋግሞ አለ። ሲለው እውነት ነው፤ ሲጨርሰው ግን ያ ሱሪ ጎታች እጅ ዓይኑ ላይ ይመጣበታል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሚስቱ «ምን ሆነሃል? እህሉም አልወረደልህም» አለችው። «ምንም» አላት።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ አባቱ ትዝ አለው፤ ያ የስንብት ቀን። ያን ቀን ልቡን የሰበረው በሬው እንደሆነ አድርጎ አርባ ዓመት ኖሯል። በዚያ እሑድ ግን ነገሩን እንደገና አየው። በሬውን ቢያጣ ኖሮ ሠርቶ ይገዛው ነበር፤ ገዝቷልም። ያስለቀሰው ሌላ ነበር። አባቱ «ሠርተህ ብላ» ሲለው ቀና ብሎ አላየውም ነበር። ዓይኑ የታላቁ ልጅ በሬ ላይ ነበር። ወልደሰንበትም ሐሙስ ዕለት ሽብሩን ቀና ብሎ አላየውም። የሱ ዓይን ደግሞ ሱሪው ላይ ነበር። አባቱ በማዳላት የደረሰበት ቦታ እሱ ባለማዳላት ደረሰበት።

ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናውን ሳይከፍት ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። የገበያ ዋዜማ ስለነበር እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሰዎች ከበር እስከ መንገድ ተሰልፈዋል። ሽብሩ በሩ ላይ ቆሟል። ቦቱን አድርጓል፤ አሮጌ ሱሪውንም ቦቱ ውስጥ ከቶታል።

«ደኅና አደሩ፣ ጋሼ። እህል ይዘው ነው?»

«አይደለም። ሱሪውን ብዬ ነው የመጣሁት።»

የሽብሩ ፊት ተለወጠ። «ሱሪው ምን ሆነ? ሥራዎ ጥሩ ነው። እኩል ነው።»

«ጠረጴዛ ላይ እኩል ነው» አለ ወልደሰንበት። «አንተ ላይ አይደለም። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ።»

ከሰልፉ ሰው አንዳንዱ ዞሮ ማየት ጀመረ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ወልደሰንበት።

«ነገርኩዎት» አለ ሽብሩ። ቁጣ አልነበረበትም። «ይታጠፍ አልኩ። ግራውንስ አልኩ። ከዚያ በላይ ምን ልበል? እርስዎ ለሁሉም የሚያደርጉትን ነው ያደረጉልኝ። ለሰው ሁሉ የሚበቃ ነገር ለአንድ ሰው ሳይበቃው ሲቀር፣ ያ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው የሚመስለው። ‹ለኔ ብቻ ለየት አድርጉልኝ› ብሎ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍራል። እኔ ከነእግሬ ተወቃሽ ሆኜ ነው ከበረንዳዎ የወረድኩት።»

ወልደሰንበት የተዘጋጀበት ንግግር ነበረው፤ ተወው። ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ያ ሥራዬን እዩልኝ ሲል የኖረ፣ ሹም ቢመጣ ከመቀመጫው የማይነሣ ሰው፣ ዱቄት በተበተነበት መሬት ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ጋሼ! ኧረ ምን ነካዎት! ይነሡ እንጂ!»

«ቦትህን አውልቅ።»

«ሰው ያያል እኮ!»

«ይየኛ። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

ሽብሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቦቱን አወለቀ። ወልደሰንበት ቀኙን ለካ፤ ጻፈ። ከዚያ ወደ ግራው ተጠጋ፤ ከወገብ እስከ ተረከዝ ለካ፤ ጻፈ። አንዴ አልበቃውም፤ «ቀጥ ብለህ ቁም፤ እንደምትራመደው ቁም እንጂ እኔን ደስ እንዲለኝ አትቁም» ብሎ እንደገና ለካ። ሽብሩ ወደ ላይ፣ ወደ ቆርቆሮው ይመለከት ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

የቀረው ሥራ ግን በመንበርከክ የሚያልቅ አልነበረም። የተቆረጠ ጂንስ አያድግም። ከሱሪው የተረፈው ቁራጭ ዓርብ ዕለት ከሌላው ብጣሽ ጋር ተጠርጎ ሄዷል። ወልደሰንበት ሰልባጅ ተራ ወርዶ ያንኑ ሰማያዊ ሲፈልግ ዋለ። የተጠጋ አገኘ እንጂ ያንኑ አላገኘም፤ ትንሽ ይጠቁራል። ሽብሩ ሱሪውን ይዞ ሲመጣ ጨርቁን አሳየው።

«ግራውን ልቀጥለው ነው። መጋጠሚያው ግን ይታያል» አለ። ከዚያ የድሮ ልማዱ መጣበት። «ወይስ ቀኙንም ልቁረጠውና ሁለቱም ላይ ያንኑ ጥቁር ጠርዝ ልድገምበት? ያኔ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሰው ፋሽን ነው ይላል እንጂ ማንም አይነቃም።»

ይህን ካለ በኋላ መቀሱን አላነሣም። መልስ ጠበቀ። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ መልስ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ነበር።

ሽብሩ አሰበ። «ቀኙን አይንኩት» አለ። «ቀኙ ልክ ነው። ያጠረው ግራው ነው፤ እሱን ብቻ ይቀጥሉልኝ።»

«መጋጠሚያው ይታያል።»

«ይታይ።»

እንዳለው አደረገ። ጠርዙንም እንደ ልማዱ አልቆረጠውም፤ የቀረውን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ሰፋው። ሲጨርስ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ግራው ከቀኙ በአራት ጣት ይረዝማል፤ ታችኛው ጫፉ ጠቆር ይላል። አላፊ አግዳሚው አይቶ «ጋሽ ወልደሰንበት አረጁ፤ ዓይናቸው ደከመ» አለ። ሽብሩ በረንዳው ጥግ ካለው መጋረጃ ኋላ ገብቶ ለብሶት ወጣ። ቆመ። ሁለቱም ጠርዝ ጫማው ላይ እኩል አረፈ።

ያ ቅዳሜ ግን አልተመለሰም። ጋዋኑ ተመልሷል፣ አዳራሹ ተዘግቷል። ብርቄና አባቷ ፎቶ ቤት ሄደው ተነሡ፤ እሷ ነጠላ ለብሳ፣ እሱ ሱሪውን ለብሶ። በሳምንቱ ገጠር ትምህርት ቤት ተመድባ ስትሄድ አባቷ ሻንጣዋን ይዞ እስከ መናኸሪያ ሸኛት። በጎን በጎን አልሄደም፤ በአስፋልቱ መካከል፣ ዘንበል፣ ቀና እያለ፣ ሁለቱንም እጁን ከሱሪው ላይ አንሥቶ ሄደ። ወልደሰንበት ከበረንዳው ሆኖ አያቸው። ደስ አለው ብዬ አልዋሽሽም። ዓይኑ መጋጠሚያው ላይ ነበር፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ ታየው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰው ሁሉ ሁለቱንም እግር ይለካ ጀመር። ይገርምሻል፣ ሁለት እግሩ በፍጹም እኩል የሆነ ሰው ጥቂት ነው ይል ነበር፤ የአንዱ በክር ያህል፣ የሌላው በጣት ያህል ይለያያል። ሥራው ዘገየ። አንዳንድ ደንበኛ «ድሮ ቶሎ ይጨርስ ነበር» እያለ ወደ ሌላ ሄደ። በእኩልነት ያስጠራው ስም ቀስ በቀስ ጠፋ። እሱ ግን ቀና ብሎ የሰውን ፊት ሳያይ፣ «ይቆረጥ ወይስ ይታጠፍ?» ሳይል፣ መቀስ አንሥቶ አያውቅም።

ልጄ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

አንቺም አላዳላሽም፤ እኔም ብሆን እመሰክርልሻለሁ። የመጀመሪያ ልጅሽን ለካሽ፤ በእሱ ልክ ለሦስቱም ቆረጥሽ። ለእሱ በቃው። ለትንሹም በቃው። ለመካከለኛዋ አጠረባት። ሦስቱም ላይ የሚታየው ያው አንድ ጨርቅ ስለሆነ ማንም «አጠረባት» አላለም፤ «ከወንድሞችሽ ምን ጎደለብሽ?» ነው ያላት። እሷም ምናልባት ገና በልጅነቷ «ሳይቆረጥ ቢታጠፍስ?» ብላሽ ይሆናል፤ በልጅ አፍ፣ በፍርሃት፣ በጎን በኩል። ትዝ ይልሻል? ትዝ ባይልሽ አልፈርድብሽም። ሁላችንም ጨርቁን ስናይ ሰዎቻችን ከበረንዳችን ወርደው ሄደዋል።

እኩል መስጠት መልካም ነው፤ የሚያዳላ እጅ ያፈረሰውን ቤት አይቻለሁ። ነገር ግን እኩል የሚሆነው ነገሩ የሰጪው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ አይደለም፤ ተቀባዩ ለብሶት ሲቆም ነው። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ዝቅ ብሎ የለካ ብቻ ነው።

ያለፈው ዓመት አይመለስልሽም፤ ይህን ደብቄ አላጽናናሽም። የምትቀጥዪው ጨርቅ ያንኑ ቀለም አይሆንም። መጋጠሚያው ይታያል፤ አንቺም እሷም እያያችሁት ትኖራላችሁ። ቢሆንም ሂጂ። እሷ ትምጣ ብለሽ አትጠብቂ፤ ወልደሰንበት ነው ወደ ወፍጮ ቤቱ የሄደው። ስትደርሺ ለወንድሞቿ ምን እንደሰጠሽ፣ ለእሷ ምን እንደሰጠሽ አትቁጠሪባት። «የቱ ላይ ነው ያጠረብሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ምናልባት ወዲያው አትመልስልሽም፤ ዝምታዋን ቻዪው። መናገር ስትጀምር ግን፣ የምትነግርሽ ነገር ሐሰት ቢመስልሽ እንኳ፣ እስክትጨርስ ድረስ አታቋርጫት።